አንድ ጥሩ የቦርዶ ቀይ ወይን እንዴት ይቀመሳል? እንዴትስ ይዳኛል?

አንድ ጓደኛዬ ሥራው ቡና መቅመስ ነው። በቀን ስንት ሲኒ ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል። መጀመሪያ አብረን ጥሩ የፈረንሳይ ወይን የከፈትን ቀን ገና አንዴ ፉት እንዳልኩ «በጣም ደስ ይላል!» አልኩት። «ደስታውን ለጊዜው ተወው። ምን አለበት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አንድ ቃል መናገር አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ወይን የምቀምሰው በእሱ መንገድ ነው። መጀመሪያ ያለውን እናገራለሁ። መውደድና መጥላት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

የትኛውን ወይን እንያዝ?

የፈረንሳይ ቀይ ወይን አንድ ዓይነት አይደለም። የቡርጎኝ አካባቢው፣ ፒኖ ኗር ከሚባል የወይን ዘር የሚሠራው፣ ስስና ፈካ ያለ ነው፤ ከጉልበቱ ይልቅ መዓዛው ይበልጣል። የሮን ሸለቆው፣ ሲራ ከሚባል ዘር የሚሠራው፣ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል እዚህ አንዱን ብቻ ልያዝ፦ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን፣ ከዢሮንድ ወንዝ ግራ ዳርቻ ያለውን ሜዶክ። ፖያክ፣ ሳን ዡልየን፣ ማርጎና ሳንት ኤስቴፍ የሚባሉት ስመ ጥር መንደሮች ያሉት እዚያ ነው። መሬቱ ጠጠራማ ነው። ጠጠር ውሃ አያቆርም፣ የቀኑንም ሙቀት ይዞ ያድራል። ዘግይቶ የሚደርሰው ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል የወይን ዘር እዚያ የሚሆንለት ለዚህ ነው። ካበርኔ ብቻውን ኮስተር ያለ ወይን ይወጣዋል፤ መርሎ የሚባለው ሌላ ዘር ሲቀላቀልበት ይለሰልሳል።

ለተማሪ ሜዶክ ደግ አስተማሪ ነው። ሁሉም ነገሩ ጎላ ብሎ ይሰማል።

ጠርሙሱን ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ትልቁ ቁጥር ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። 2010 እና 2016 በቦርዶ በጣም ጥሩ ዓመታት ነበሩ፤ 2013 አስቸጋሪ ነበር። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ» የሚል ካያችሁ ወይኑ እዚያው ወይኑ በተመረተበት ቦታ ተሞልቶ ታሽጓል ማለት ነው። «ግራን ክሩ ክላሴ» እና 1855 የሚል ካለበት ደግሞ በዚያ ዓመት ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደላሎች ካወጡት ባለ 5 ደረጃ ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ደላሎቹ ደረጃ የሰጡት በዋናነት በገበያ ዋጋ ነበር። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ እምብዛም አልተነካም። ትልቁ ለውጥ በ1973 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የተባለው አምራች ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ማለቱ ነው። ደረጃው ፍንጭ ይሰጣል። ዳኛው ግን እናንተ ናችሁ።

ውድ ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት መለማመድ ከፈለጋችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መንገዱ ቅርብ ነው። የዝዋዩን ካስቴል ወይን ፋብሪካ ያቋቋመው መነሻው ቦርዶ የሆነ የፈረንሳይ ድርጅት ነው፤ ፋብሪካው ካበርኔ ሶቪኞንም መርሎም ያለማል። ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን አንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ብትሞክሩ፣ ሜዶኩ ጋ ስትደርሱ አፍንጫችሁ ሥራውን ያውቃል።

ቤቱን ማዘጋጀት

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኛ ቤት ግን ትልቁ ችግር እሱ ነው። ዕጣን እየጨሰ ወይን አይቀመስም። ቡና እየተቆላ አይቀመስም። ወጥ ተጥዶ ሽንኩርት ሲቁላላ አይቀመስም። ሽቶ የተቀባ እንግዳም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የዚያን ቀን ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። አፋችሁም ንጹሕ ይሁን፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ። በርበሬው የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳል፣ የታኒኑንም (ወይኑ ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቅ ነገር ነው) ሻካራነት ያጎላል። ጥርስ ፍቆ መቅመስ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ብርጭቆው ባለ እግር ይሁን፣ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ። ብርሌን አስቡት፤ ሆዱ ድብልብል፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ የጠጁም መዓዛ አንገቱ ላይ ይሰበሰባል። የወይን ብርጭቆም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ልዩነቱ አፍንጫ የሚያስገባ አፍ ያለው መሆኑ ነው። በ1977 ለወይን ቅምሻ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ብርጭቆ 215 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ የሚቀዳበት ግን 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ለመዓዛው ነው። እስከ አፉ መሙላት ለጋስነት ሊመስል ይችላል፤ ለቀማሽ ግን ጉዳት ነው። ብርጭቆውን ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን አሽትቱት። የሳሙና ወይም የቁም ሳጥን ሽታ ካለው በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ሙቀቱ

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚባለው አባባል የወጣው የፈረንሳይ ቤቶች ዛሬ እንዳሉት ባልሞቁበት ዘመን ነው። ያ ክፍል ዛሬ ካለው ሳሎን ይበርዳል። ትክክለኛው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ምሽት ብዙ ላያስቸግር ይችላል። አዳማ ወይም በበጋ ዋሽንግተን ከሆናችሁ ግን ጠርሙሱን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ፍሬው ይደበቃል። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ መዓዛው ይተኛል፣ ታኒኑ ይሻክራል።

መክፈትና ማንቆርቆር

ጠርሙሱ አሥር ዓመት ካለፈው ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አተላ ይኖረዋል። እንደ ጠላ አተላ መሆኑ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ግን አፍ ውስጥ ይመርራል፣ እንደ አሸዋም ይንኮሻኮሻል። ወደ ሌላ ዕቃ ስትገለብጡ በዝግታ፣ ሳታቋርጡ፣ ከጠርሙሱ አንገት ሥር የስልክ መብራት አድርጋችሁ ገልብጡ። ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ለማትረፍ ብላችሁ ጠቅላላውን አታደፍርሱት።

ወጣት ሜዶክ፣ ማለትም ከስድስት ሰባት ዓመት በታች የሆነ፣ ሰፊ የመስታወት ማንቆርቆሪያ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይፈታል። ሽማግሌው ግን ሌላ ነው። የሃያ ሠላሳ ዓመት ወይን ብዙ አየር ሲመታው በግማሽ ሰዓት ሊሞት ይችላል። እሱን ከአተላው ለይታችሁ ወዲያው ቅመሱት። በሁለቱም ግን የመጀመሪያዋን ጉንጭ ከጠርሙሱ እንደወጣች ቅመሱ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እንድታውቁ።

ማየት

ይህ አጭር ነው። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጉና ጠርዙን እዩ። ወጣት ከሆነ ጠርዙ እንደ ቀይ ሥር ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሲያረጅ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ የሸክላ ጡብ ቀለም ይይዛል። ቀለሙ ከታኒን ጋር እየተጣመረ አተላ ሆኖ ስለሚወርድ ቀይ ወይን ሲያረጅ እየሳሳ ይሄዳል። የአምስት ዓመት ሜዶክ ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ጠርጥሩ፤ አያያዙ ተበላሽቷል ወይም አየር ገብቶበታል። በብርጭቆው ግድግዳ የሚወርደውን «እንባ» አይታችሁ አትፍረዱ። እሱ የአልኮሉ ሥራ ነው፣ ስለ ጥራት አይናገርም።

ዓይን እንዴት እንደሚያታልል ልንገራችሁ። በ2001 ፍሬዴሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ወይን ጠመቃ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። ተማሪዎቹ መዓዛውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። ሙያውን የሚማሩ ልጆች እንዲህ ከተታለሉ እኛም እንታለላለን። ስለዚህ ቀለሙን እዩና እርሱት።

ማሽተት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳትነቀንቁ አሽትቱ። ጉድለት ካለ ቶሎ የሚታወቀው አሁን ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም ዝናብ መቶት ጥግ የተጣለ ጆንያ የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል። ጤና አይጎዳም፣ ወይኑ ግን አብቅቶለታል፤ አየር ቢመታውም አይድንም። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ሌላ በሽታ ነው። ተቆርጦ የዋለ፣ የጠቆረ ፖም ከሸተተ አየር ገብቶበታል። የበረት ሽታ ግን ያከራክራል። የሚያመጣው ብሬታኖማይሴስ የሚባል እርሾ ነው። በትንሹ ሲሆን ወይኑን ያሳምረዋል የሚሉ አሉ። እኔ ፍሬውን ከሸፈነ ጉድለት ነው ባይ ነኝ።

አንድ ጊዜ ሬስቶራንት ውስጥ ቡሽ ያበላሸው ጠርሙስ ቀረበልኝ። አስተናጋጁ ትንሽ ቀድቶልኝ ቆሞ ሲጠብቅ ካርቶኑ ፍንትው ብሎ ሸተተኝ። ሰው ፊት ማስቸገር መሰለኝና «ጥሩ ነው» አልኩ። ጠርሙሱን ከፍለን ሳንጨርሰው ተነሳን። ያቺ ትንሽ ቅጂ የምትቀዳው ግን ለዚሁ ነው። ጣዕሙ ይመቻችሁ እንደሆነ ለመጠየቅ አይደለም፤ ጤነኛ መሆኑን እንድታረጋግጡ ነው። «ቡሹ አበላሽቶታል፣ ይቀየርልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ጤነኛ ከሆነ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በክብ አሽከርክሩት። ከዚያ አፍንጫችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አጭር አጭር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። ረጅም ስባት አፍንጫ ያደክማል። አፍንጫችሁ ከደነዘዘ የራሳችሁን ክንድ አሽትቱ፤ የለመደው ሽታ ያሳርፈዋል።

አሁን «ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ መጣ። በሦስት ረድፍ ፈልጉ።

የመጀመሪያው ፍሬው ነው። ፈረንሳዮች ለካበርኔ «ካሲስ» ይላሉ፣ እዚያው አገራቸው የሚበቅል ጥቁር ፍሬ። ያላሸተታችሁትን ነገር አሸተትን አትበሉ። ለኔ ቅርቡ የበሰለ አጋም ነው፤ ያ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም፣ ያ ጣፋጭና ጎምዛዛ ነገር። የእናንተ እንጆሪ ወይም ፕሪም ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ ፍሬው ትኩስ ነው? የበሰለ ነው? ወይስ እንደ ማርማላታ የተቀቀለ? የሚለው ነው። ከፍሬው ጋር ቃሪያ ከሸተታችሁ አትደንግጡ፤ የካበርኔ የዘር ምልክቱ ነው። ትንሽ ሲሆን ያነቃዋል፣ ሲበዛ ግን ወይኑ ሳይበስል ተለቅሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው እንጨቱ ነው። የሜዶክ ጥሩ ወይን 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይከርማል። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። ጠላ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ በወይራ ይታጠን የለ? ጠላው ውስጥ የሚገኘው ያ የጢስ ቃና እዚህ ቫኒላና ቅርንፉድ ተጨምሮበት ይመጣል። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ እንጨቱ ፍሬውን ተሸክሞታል ወይስ ተጭኖታል? ቫኒላው ብቻ ጮሆ ከተሰማ በርሜሉ ወይኑን በልጦታል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ፍሬው ገለል ይልና ሌላ ነገር ቦታውን ይይዛል፦ ትምባሆ፣ አዲስ ቆዳ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር። የፖያክ ደግሞ የታወቀ ምልክት አለው፤ የተቀረጸ እርሳስ። ተማሪ ቤት እርሳስ ስንቀርጽ መቅረጫው ውስጥ የሚቀረው የጽድ ሽታ ያለው ቅርፊት ትዝ ይላችኋል? እሱ ራሱ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ብርጭቆውን ይዤ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ።

የምትሉትን በአማርኛ ጻፉት። ጥቂት ቃላት ይበቃሉ።

መቅመስ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጎንጩ። ቶሎ አትዋጡ። ከንፈራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ቡና ቀማሾች ፉት ሲሉ እንደሚያደርጉት። ድምፅ ያወጣል፣ ግድ የለም። አየሩ መዓዛውን ከአፍ ወደ አፍንጫ ጀርባ ይገፋዋል። «ጣዕም» የምንለው አብዛኛው ነገር በዚያ በኩል የሚሸተት ነው። ካላመናችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ቅመሱ፤ ከጎምዛዛና ከመራራ በቀር የሚቀር ነገር የለም።

ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ኮምጣጣነቱን የሚነግራችሁ ምራቃችሁ ነው። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ከጉንጫችሁ ጥግ ምራቅ ከጎረፈ ወይኑ ነፍስ አለው። ምራቅ ካልመጣ ደነዝ ነው፣ ለማቆየትም አይሆንም። አልኮሉን ጉሮሯችሁ ይነግራችኋል፤ ካቃጠለ በዝቷል። ክብደቱን ለማወቅ ውሃና ወተት አፍ ውስጥ ያላቸውን ልዩነት አስቡ።

ታኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሜዶክ የሚለየው በእሱ ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭ፣ ውስጡ ካለው ዘርና ከበርሜሉ ይመጣል። ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ አፍ ይደርቃል፣ ድድ ይያዛል። እሳት ላይ የተረሳ ሻይ ወይም ጥሬ ሙዝ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማው «መራራ ነው» ይላል። መራራ ግን ጣዕም ነው፤ ታኒን ስሜት ነው። ምላሳችሁን በላይኛው ድዳችሁ ላይ አሂዱት። እንደ ጥሬ ጣውላ ይሻክራል? እንደ ዱቄት ደቃቅ ነው? ወይስ እንደ ሐር ልስልስ? መጠኑ ብዙ መሆኑ ጥፋት አይደለም። ወጣት ፖያክ ታኒኑ ብዙ ነው፤ ያስቀመጠው ለሃያ ዓመት ነው። ጥፋቱ ሻካራ ሆኖ ፍሬው ሲያንስ ነው። ያኔ ዓመታት ሲያልፉ ፍሬው ይሄዳል፣ ድርቀቱ ይቀራል።

እንግዲህ አራቱን አንድ ላይ አስቡ፦ ፍሬ፣ ኮምጣጣነት፣ ታኒን፣ አልኮል። አንዱ ብቻውን ጎልቶ ከወጣ ሚዛኑ ጎድሏል። የትኛው እንደሚበልጥ መናገር ሲቸግራችሁ ጥሩ ወይን ይዛችኋል።

ብዙ ጠርሙስ ከሆነ ትፉ። ባዶ ጣሳ ይበቃል። ቡና ቀማሹ ጓደኛዬ «የዋጥከውን ሰባተኛ ሲኒ አትፍረድበት» ይላል። ወይን ላይ ያ ገደብ ሦስተኛው ብርጭቆ ጋ ይደርሳል።

ከዋጣችሁ በኋላ ዝም በሉ፣ ቁጠሩም። ፈረንሳዮች ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይባትን እያንዳንዷን ሰከንድ «ኮዳሊ» ይሏታል። አምስት ላይ ከጠፋ ተራ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ጥሩ ነው። ሃያን ካለፈ ደህና አድርጋችሁ ተቀመጡ። የሚቆየው ምን እንደሆነ ግን ለዩ፤ ፍሬውና መዓዛው ይሁን። መራራነትና ማቃጠል ሃያ ሰከንድ ቢቆይ ነጥብ አያሰጥም።

መፍረድ

ከመፍረዳችሁ በፊት ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሉት። ግንቦት 24 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ያዘጋጀው ቅምሻ ነበር። ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያና የቦርዶ ቀይ ወይኖችን ስማቸው ሳይታወቅ ቀመሱ። በ1973 የተለቀመው የካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ የቦርዶዎቹን ሙቶን ሮትሺልድንና ኦ ብሪዮንን በልጦ አንደኛ ወጣ። ስማቸውን እያዩ ቢሆን ኖሮ እንዲያ የሚፈርዱ አይመስለኝም።

እኔ ከ20 ነው የማርመው፤ ለቀለም 2፣ ለመዓዛ 6፣ ለአፍ 8፣ ለቆይታው 4። ቁጥሩን የምጽፈው ግን አንዴ ቀምሼ አይደለም። ባለፈው ጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ የ2010 ፖያክ ከፈትን። እንደተከፈተ ዝም ያለ ነበር፤ እንጨትና ትንሽ ቃሪያ ብቻ፣ ድዴን ግጥም አድርጎ ያዘው። 12 ጻፍኩ። በሃያ ደቂቃ አጋሙ መጣ። በአንድ ሰዓት የእርሳሱ ቅርፊት ወጣ፣ ታኒኑም ከጣውላ ወደ ዱቄት ተቀየረ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ቃሪያው ጠፍቶ ትምባሆ ተተካ፤ 24 ድረስ ቆጠርኩ። 12ቱን ሰርዤ 17 አደረግሁት። ያው ጠርሙስ፣ ያው ምላስ ነው።

ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ «ወደድኩት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። 17 ሰጥቼ መልሼ የማልገዛው ወይን አለ፣ 13 ሰጥቼ ከበግ ጥብስ ጋር ሁሌ የምፈልገውም አለ። ከዚያ ጋዜጣውን ግለጡ፣ ዋጋውንም እዩ።

ሁሉንም አትጨርሱት። ሲሶውን ጠርሙሱ ውስጥ ተዉት፣ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ አውጥታችሁ ሙቀቱ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ቅመሱ። ፍሬው ሞቶ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ፣ ከዚያው ወይን የገዛችሁት ሌላ ጠርሙስ ካለ ቶሎ ጠጡት። ከትናንት እኩል ከሆነ ወይም ካማረ ግን ሌሎቹን ጠርሙሶች አትንኳቸው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አጋድማችሁ አስቀምጧቸውና ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱን ክፈቱ።